አንሳባይ ቀዩን አውቶቡስ ወደ ቦርዋዲ ያስገቡበት ዜና

ባብራዎ የመንደር ሹመት በያዙ በሁለተኛው ዓመት፣ ይኸውም የሽንኩርት ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሽንኩርቱን ለሚታለቡ ጎሾቹ ያበላበት፣ የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ በነፋስ ተነሥቶ በጎረቤት መንደር በረት ላይ ተደፍቶ የተገኘበት፣ ዝናቡም ዘግይቶ ከመጣ በኋላ እንደ ዘመድ እንግዳ አልሄድ ያለበት ዓመት ነው፣ በዝንቱ ዓመት ክብርት ወልዕልት አንሳባይ፣ የኮንዲባ ባለቤት፣ የጎቪንድ እናት፣ የሮሂኒ አያት፣ የሁለት ጎሾችና የአንዲት ክፉ ፍየል እመቤት፣ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ የዘጉትን አፍ ከፍተው ለመንደራቸው ለቦርዋዲ መንገድ እንዴት እንዳስከፈቱ፣ አይተን የመሰከርነውን ሳንጨምር፣ ብንጨምርም በጥቂቱ፣ እንጽፋለን።

ቦርዋዲ በህንድ አገር፣ በማራትዋዳ ጥቁር አፈር ላይ የተቀመጠች አገር ናት። በምሥራቅ ሸንኮራ አገዳ፣ በምዕራብ የሌላ ሰው ሸንኮራ አገዳ፣ በሰሜን ጅረት፣ በደቡብም የባብራዎ አማች ያለ ፈቃድ ያጠሩት ቦታ ያዋስኗታል። ባቡር የሚያልፈው ከአገር ወዲያ ነው፤ ጩኸቱን በጆሯችን ሰምተናል የሚሉ ሽማግሎች ሁለት ሲሆኑ አንደኛው ደንቆሮ ናቸው። ቀዩ የመንግሥት አውቶቡስ ግን በዋናው መንገድ ጧት ማታ ይመላለሳል፤ ከመገንጠያው ላይ ቆሞ ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ጥሩምባውን ነፍቶ ይሄዳል፤ ከመገንጠያው እስከ ቦርዋዲ ያለውን መንገድ ግን፣ ምንም እንኳ አስፋልት ከለበሰ ዓመት ቢያልፈው፣ ጎማው ረግጦት አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሕሙማን በቃሬዛ፣ ሙሽሮች በትራክተር፣ ሽንኩርትም በሰው ራስ ላይ ሆኖ፣ በግራና በቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ባደገ አገዳ መካከል ወደ መገንጠያው ይወጣ ነበር።

ይህም የሆነበት ምክንያት የአውቶቡሱ ሹማምንት ነዋሪዋ አምስት መቶ ያልሞላ መንደር አውቶቡስ አይገባላትም ብለው ስለደነገጉ ነው። ቦርዋዲ ሰው ሞልቶ የተረፈባት፣ በአንድ አልጋ ላይ አራት ልጅ የሚተኛባት መንደር ስትሆን፣ በወረቀት ላይ ግን ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት ነፍስ ብቻ ነበራት። የቀሩትን ሰዎች ጦርነት አልጨረሳቸውም፣ ወረርሽኝም አልፈጃቸውም። የጨረሳቸው የሚስቶቻቸው ጨዋነት ነው።

በውእቱ መዋዕል ፓትኪ የሚባል ቆጣሪ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ልንለው የሚገባ፣ ቦርሳውን በሆዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ብዕሩን በጆሮው ሰክቶ፣ ወንዶቹ እርሻ በዋሉበት ቀን ወደ ቦርዋዲ መጣ፤ በየደጃፉም እየቆመ በዚህ ቤት የሚኖረው ማን ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሴቶቹም ራሳቸውን አስጻፉ፣ ልጆቻቸውን አስጻፉ፣ አንዳንዷም የሞተ ልጇን ስም ጠርታ አለቀሰች፤ ባልሽ ማነው ሲባሉ ግን የሳሪያቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ዝም አሉ። በአገሩ ሕግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ በጠራችው ቁጥር ከዕድሜው ይቀነሳልና። ባሏን ስትፈልገው «አንቱ» ትላለች፤ ሲርቃት «የእገሌ አባት» ትላለች፤ በሬ ሊወጋው ሲመጣም ታስላለች። የጎረቤቷን ባል እንዳታስቆጥር ደግሞ መንደሩ የአንድ ዘር ልጆች ስለሆነ ያ ጎረቤት የባሏ ታላቅ ነው፤ የባል ታላቅ ስም ከባል ስም የባሰ ይከብዳል።

በዚህ ሕግ እንደ አንሳባይ የጸና አልነበረም። ኮንዲባ አንድ ጊዜ ጉድጓድ ገብተው በቀሩ ጊዜ አንሳባይ ሰው ሊጠሩ ሮጠው፣ ማን ወደቀ ሲባሉ «የጎሾቹ ጌታ» ስላሉ፣ ሕዝቡ ብዙ ጎሽ ወዳላቸው ወደ ባብራዎ ቤት ገመድ ይዞ ጎረፈ፤ ባብራዎን ከአልጋቸው ለማውጣት ሲታገል ኮንዲባ በገዛ እጃቸው ከጉድጓዱ ወጥተው ራት ላይ ደረሱ። እንግዲህ በቆጠራው ቀን ፓትኪ መጀመሪያ የደረሰው በእሳቸው ደጅ ነበርና፣ አንሳባይ አፋቸውን ሲዘጉ ያየች ጎረቤት ሁሉ እየተከተለች ዘጋች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በቦርዋዲ ግን አውቶቡስም ሳይገባ ቀረ። በፓትኪ ወረቀት ላይ አገሪቱ እናታቸው ቆማ ያስቆጠረቻቸው ጥቂት ጎረምሶች ካልሆኑ በቀር ወንድ የሌለባት ሆነች፤ ሕፃናቱ ግን በየዓመቱ ይወለዳሉ። የአውቶቡሱ ሹማምንት ይህንን አይተው ስለ ቦርዋዲ ሴቶች ምን እንዳሰቡ አልተጻፈም። የዚህ ዜና ጸሐፊም ካልተቆጠሩት አንዱ ነው፤ ሚስቱ ጨዋ ናትና።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ በቀረ ነበር፣ ሮሂኒ ባትኖር። ይህች ልጅ ዐሥረኛ ክፍልን በመንደሩ ታሪክ ባልታየ ውጤት አልፋ፣ ዐሥራ አንደኛውን ለመማር ወደ ወረዳው ከተማ መመላለስ ይገባት ነበር። አባቷ ጎቪንድም በቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይህንን አዋጅ ነገረ፦

«አውቶቡሱ እዚህ ድረስ ከመጣ ትማር። ካልመጣ ግን በዚያ አገዳ መሃል እየመሸ ብቻዋን አትመላለስም፤ ከዲዋሊ በዓል በኋላ ትዳር። ሰውም ተገኝቷል።»

የተገኘው ሰው ከወንድሙ ጋር በጋራ የገዛው ትራክተር ግማሽ ባለቤት ነበር። ጎቪንድ ክፉ አባት አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ጮኻ ማንም ሳይሰማት የቀረችበትን ዓመት ያስታውሳል እንጂ። ሮሂኒም አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም፤ አያቷ ቂጣ ሲጠፈጥፉ አጠገባቸው ተቀምጣ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦

«አያቴ፣ ለአባባ ኮንዲባ ዕድሜ ብለሽ ዝም አልሽ። ለኔ ዕድሜስ?»

የዚያን ቀን የማሽላው ቂጣ አረረ፤ ኮንዲባም የአረረውን በተወቀጠ ቃሪያ እያላመጡ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቁ በሉ፤ አርባ ዓመት ከበለጠ ትዳር የተረፋቸው ዕውቀት መቼ እንደማይጠየቅ ማወቅ ነበርና።

ወእምድኅረ ዝንቱ ሹሙ ባብራዎ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው ወደ ወረዳው ዘመቱ፤ በየቢሮው ደጅ ጠኑ፣ በየቢሮው ሻይ ጠጡ፣ አምስተኛውም ሻይ ላይ ቦርዋዲ እንደገና ትቆጠር የሚል ቃል ይዘው ተመለሱ። ቃሉ ግን እሾህ ነበረበት። ቆጠራው በቤቱ ከተገኘ አዋቂ ሰው አንደበት ብቻ ይሰማል፤ ከወረቀት ወደ ወረቀት አይገለበጥም፤ የልጅ ቃልም አይያዝም። ይህ ቆጠራ ካለፈ ሌላ የለም። ባብራዎም በመንደሩ መሃል ባለው በኒሙ ዛፍ ሥር ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦

«ሰኞ ማንም ወንድ ከቤቱ ንቅንቅ እንዳይል። ጢማችሁን ተላጩ፣ ደጃፋችሁ ላይ ቁጭ በሉ፣ ሰው መሆናችሁ ከሩቅ ይታይ።»

ሰኞም የቦርዋዲ ወንዶች ሁሉ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ በየደጃፋቸው ተደርድረው ዋሉ፤ ፓትኪ ግን አልመጣም። ማክሰኞም ዋሉ፤ ጢማቸውም ማቆጥቆጥ ጀመረ፤ እሱ ግን አልመጣም። ረቡዕ የከብት ገበያ ነበር። የሚሸጥ በሬ ያለው በሬውን ነድቶ፣ የሌለውም የሌላውን በሬ ጥርስ ሊያይ፣ ባብራዎም ሕዝቡን ሊቆጣጠሩ፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ተነሥቶ ሄደ። አቧራቸው ሳይበርድ የፓትኪ ሞተር ብስክሌት እያስነጠሰች ገባች።

አሁንም መጀመሪያ የቆመው በአንሳባይ ደጅ ነበር። ሮሂኒ ከቤት ወጥታ የአያቷን ባል ስም ከነአባቱ ጠራችለት፤ ፓትኪም ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሕግ ፊት ድምፅ የለውም ብሎ ብዕሩን ወደ ጆሮው መለሰ። አንሳባይም ገበያ ሰው ልከው ወንዶቹን እንዲያስጠሩ አንድ ቀን እንዲታገሥ ለመኑት፤ እሱም እንዲህ አለ፦

«እማማ፣ እኔ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አስረክባለሁ። ገና ሦስት መንደር ይቀረኛል። የባልዎን ስም ካልነገሩኝ ባል እንደሌለዎት ነው የምጽፈው፤ ባለፈውም እንደዚያ ነው የጻፍኩት።»

አንሳባይም ደነገጡ። ኮንዲባ በሕይወት ሳሉ እንደሌሉ ተቆጥረው መኖራቸውን ያን ጊዜ ሰሙ። ስማቸውን ቢጠሩ ዕድሜያቸው ይቀንሳል፤ ባይጠሩ ደግሞ ጭራሽ አልኖሩም። የልጅቷንም ፊት አዩ፤ ሮሂኒ ወደ አገዳው ታይ ነበር እንጂ ወደ እሳቸው አልነበረም፤ ይህም ከማንኛውም ልመና ይልቅ አንጀታቸውን በላው።

በዚያች ቅጽበት፣ ብልሃት ከጭንቅ ትወለዳለችና፣ አንሳባይ የአያቶችን ሥርዓት አሰቡ። የባል ስም በአገሩ አንድ መውጫ በር አለው። በሠርግና በሴቶች ድግስ ቀን፣ ግንባር በእርድ ቅመምና በቀይ ዱቄት ተቀብቶ፣ ሴቶቹ ከበው ስም ውሰጂ ብለው ሲያስገድዷት፣ ሚስት በግጥም ውስጥ ሸፍና ስሙን ታወጣዋለች፤ በግጥም የወጣ ስም ዕድሜ አይነካም። ድግስ ግን አልነበረም። አንሳባይም ድግስ ይሁን ብለው አወጁ፤ ሆነም።

ከዚያም ጦሩ ተሰለፈ። በቀኝ ጋንጉባይ፣ የሳካራም ሚስት፣ በክርክር ተሸንፋ የማታውቅ፤ በግራ ሱማን፣ የዳግዱ ሚስት፣ አምና የተዳረች፣ የእርድና የቀይ ዱቄት ሳህን ተሸካሚ፤ በደጀን አሮጊቷ ቲታባይ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ስለዚህም ቃላቸው ሳይቆረጥ የሚወጣ፤ ከእነሱም ኋላ ጡት የሚያጠቡ፣ እንስራ የተሸከሙ፣ ለወሬ የመጡ፣ ቁጥራቸው የበዛ ሴቶች። ፍየሊቱም ፓትኪ እንዳይሸሽ ከሞተር ብስክሌቱ ጋር ታሰረች፤ መቀመጫውንም መቅመስ ጀመረች። ፓትኪን ይዘው እንደ ሙሽራ በእንጨት ሳንቃ ላይ አስቀመጡት፤ ግንባሩን ቀቡት፤ ኮኮናት በእጁ አስያዙት፤ እሱም ብዕሩን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ግራ ገባው። ሴቶቹም በአንድ ድምፅ አንሳባይን ስም ውሰጂ አሏቸው። አንሳባይ የሳሪያቸውን ጫፍ ወደ ግንባራቸው ሳቡ፣ ዓይናቸውንም ጨፍነው አወጁ፦

«ማሽላው ደረሰ፣ ጎርፉም ሳይወስደው፤
ኮንዲባ ነው ባሌ፣ ጻፈው አትለፈው።»

ፓትኪም ጻፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚህ በኋላ ማን ያቆማቸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ጋንጉባይ ከባሏ ጋር ከተኳረፈች ሁለት ክረምት አልፎ ነበርና፣ ለአገር ስትል ቂሟን ሳትተው እንዲህ አለች፦

«ደመናው ከበደ፣ ዝናብ ግን አይጥልም፤
ሳካራም ቤት አለ፣ ሥራ ግን አይችልም።»

ሱማንም ሳህኑን አስቀምጣ፣ ከሐፍረቷ የተነሣ ጀርባዋን ለፓትኪ ሰጥታ፣ ይህን ገጠመች፦

«ሻዬን አፈላሁት፣ ዝንጅብል ጨምሬ፤
ዳግዱ ያንኮራፋል፣ ሰው ነው ወይስ በሬ።»

እዚህ ላይ ጸሐፌ ትእዛዝ ብዕሩን አቁሞ፣ ነገሩ በከብት ቆጠራ ወይስ በሰው ቆጠራ እንደሚገባ በትሕትና ጠየቀ። ሱማንም በብዙ ማመንታት ሰው ነው ብላ መሰከረች። እንዲህ እያለ ግጥሙ ከደጅ ወደ ደጅ ሄደ፤ ግጥም የጠፋባት ከጎረቤቷ ተበደረች፤ አንዷ ሁለት ጊዜ ለመግጠም ስትሰለፍ ተይዛ ተመለሰች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦርዋዲ አምስት መቶ ሠላሳ አንድ ነፍስ ሆነች። በአንድ ቀን ይህን ያህል ወንድ የተወለደባት አገር በታሪክ አልተሰማም። ፓትኪ ሦስቱን መንደሮች ሳያያቸው ቀረ፣ ነገር ግን ሲሄድ ኮኮናቱን አልመለሰም። ወንዶቹ ከገበያ ተመልሰው መቆጠራቸውን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ እንዴት እንደተቆጠሩ ሲሰሙ ግን ሳካራም ለጥቂት ቀን ከቤት አልወጣም።

ኮንዲባም ሰሙ። ሰው ሁሉ የሰማውን የስሙ ባለቤት ብቻ ሳይሰማው መቅረቱ ከነከናቸው። ያን ግጥም እስቲ ድገሚው ብለው ቢለምኑ፣ አንሳባይ ድግሱ አልፏል፣ እርድ እንዲሁ አይባክንም ብለው ከለከሏቸው።

ወርም ሳይሞላ ቀዩ አውቶቡስ ቦርዋዲ እንዲገባ ታዘዘ፤ የገባበትም ጧት የከተማው ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመዘግብበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ጎቪንድ ሽንኩርቱን ይዞ ሩቅ ገበያ ስለሄደ፣ ሮሂኒን ወስዶ የማስመዝገቡ አደራ በኮንዲባ ላይ ወደቀ፤ የልጅቷ ማስረጃ ሁሉ በእሳቸው የውስጥ ኪስ ተሰፍቶ ነበር። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲገባ ሕዝቡ እንደ ንጉሥ ተቀበለው፤ መስታወቱን የአበባ ጉንጉን አለበሱት፣ ጎማውን ቀይ ዱቄት ቀቡት፣ ባብራዎም ረጅም ንግግር ጀመሩ። ሾፌሩ ግን የንግግር ሰው አልነበረም። ሰዓቴ ደርሷል ብሎ ሞተሩን አስነሣ፤ ሮሂኒ ተሳፍራ በመስኮት ብቅ ብላ አያቷን ትፈልጋለች፤ ኮንዲባ የሉም። ከኒሙ ዛፍ ማዶ ከሽማግሎች ጋር ቆመው፣ ይህ አውቶቡስ ስንት ጥንድ በሬ ይመዝናል በሚል ክርክር ተጠምደው ነበር።

አንሳባይ «አንቱ» ብለው ተጣሩ፤ የመንደሩ ባል ሁሉ ዞረ፣ ኮንዲባ ሲቀሩ። «የጎቪንድ አባት» ብለው ተጣሩ፤ በቦርዋዲ ጎቪንድ የሚባል ብዙ ነውና ሌሎች ሦስት አባቶች ዞረው አቤት አሉ። አሳሉ፤ በዚያ ጥሩምባ ማን ይሰማቸዋል። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሮሂኒ እጇን በመስኮት አውጥታ ሴት አያቷን አየቻቸው።

ግጥም የሚፈለግበት ጊዜ አልነበረም። እርድ የለም፣ ሳህን የለም፣ ውሰጂ የሚል የለም። የሰውዬውን ዕድሜ የሚሸፍን አንዳች ነገር አልነበረም፤ አንሳባይም ይህንን ያውቁ ነበር፣ ባላቸውንም ይወዱ ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ሹም በቆመበት፣ በአደባባይ፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ፦

«ኮንዲባ! ቶሎ ና፣ ልጅቷ ልትቀር ነው!»

ኑ እንኳ አላሉም፤ ና አሉ። የባብራዎ ንግግር ተቋረጠ። ሴቶቹ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። አንሳባይም ካፍ የወጣ አፋፍ ሆኖባቸው፣ ባላቸው አሁን ይወድቃሉ፣ አሁን ደረታቸውን ይይዛሉ ብለው በፍርሃት ተመለከቷቸው። ኮንዲባ ዞሩ። ክርክራቸውን ትተው ጥቂት ጊዜ እንደ ተተከለ ግንድ ቆሙ። ከዚያም ዱላቸውን ለባለ ክርክሩ ወርውረው ሮጡ፤ እንደዚያ ሲሮጡ አንድ ጊዜ በሬ ካባረራቸው ወዲህ ያያቸው የለም። ሾፌሩም ይህን አይቶ ፍሬን ያዘ። ሮሂኒ እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻቸው። አውቶቡሱ እንደገና ሲነሣ ሽማግሌው ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«አንሳባይ፣ ከቀነሰም ይቀንስ። ማታ ስመለስ ደግመሽ ጥሪኝ።»

የሚስቱን ስም የጠራ ባልም በቦርዋዲ ያን ቀን መጀመሪያ ታየ። አንሳባይም ሳሪያቸውን ወደ ፊታቸው ስበው አለቀሱ፤ ሰው ግን አቧራ ነው ብሎ አለፈው።

እንግዲህ ነገሥታት በር ሲከፍቱ በመድፍ ይከፍታሉ፤ ብፅዕት አንሳባይ ግን በአንደበታቸው ከፈቱ። እሳቸው ናቸው የጠፉትን ወንዶች ወደ ሕያዋን የመለሱ፣ አስፋልቱን ከብቸኝነት ያወጡ፣ የግማሽ ትራክተሩን ባለቤት ሌላ ሙሽራ እንዲፈልግ ያሰናበቱ። ሮሂኒ ያን ቀን ተመዘገበች፤ ዛሬም በቀዩ አውቶቡስ ጧት ወጥታ ማታ ትገባለች። የአንሳባይ ስም ከቦርዋዲ እስከ መገንጠያው፣ ከመገንጠያውም እስከ ወረዳው፣ ጎማ እስከ ዞረ ድረስ ይጠራ። ኮንዲባም ይህ ዜና እስከተጻፈበት ቀን በሕይወት አሉ፤ በቀን ብዙ ጊዜ በስማቸው ይጠራሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ምንም ምክንያት።